ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ስለ ተማሪዎች

ተማሪ ቤት የነገው ሕዝብ የሚሠራበት ቦታ ነው። ስለዚህ ወደ ተማሪ ቤት የገባ ክፉ ልማድ ሁሉ ጉዳቱ በዚያው ቀን ባይታይም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በቤተ ሰብ፤ በመሥሪያ ቤትና በሐኪም ቤት ደጅ መታየቱ የማይቀር ነው። ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር በብዙ አገር ያሉትን መምህራን ያስጨነቀው፤ በስሙ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፤ በወጣቶች አነጋገር ደግሞ ቬፕ የሚባለው ዕቃ ነው። ዕቃው ጎጂ መሆኑን ብቻ ለመናገር አይደለም፤ ይህን ሐኪሞች በሚገባ ተናግረውታልና። አሳባችን ይልቁንም፤ ይህ ዕቃ በኪሱ የተገኘበትን ልጅ ተማሪ ቤት ምን ሊያደርገው ይገባዋል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሳችንን ከመጀመሪያው እንገልጻለን፤ ተማሪ ቤት በሻጩ ላይ ብርቱ፤ በሱስ በተያዘው ልጅ ላይ ግን ታጋሽ ሊሆን ይገባዋል እንላለን። ምክንያታችንንም ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

አስቀድሞ ዕቃው ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ሰዎች በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚገኘው ዓይነት መነሻው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ዐዋቂ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. የሠራው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ዕቃው የትምባሆ ቅጠል አይገባበትም፤ እሳትም አይነድበትም። በውስጡ ትንሽ ባትሪ፤ የሚግል ሽቦ፤ እንዲሁም ኒኮቲን ከሌላ ፈሳሽና ከጣዕም ማሳመሪያ ጋራ ተቀላቅሎ የተቀመጠበት ቋት አለ። ሰው በአፉ በሳበው ጊዜ ሽቦው ይግላል፤ ፈሳሹ እንደ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ኒኮቲን ማለት በትምባሆ ቅጠል ውስጥ የሚገኘውና ሰውን የሱስ ምርኮኛ የሚያደርገው ነገር ነው። ብዙ ሰዎች ጉሙ የውሃ እንፋሎት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በምርመራ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶችና እንደ ኒኬልና እንደ እርሳስ ያሉ የብረታ ብረት ርዝራዦች ተገኝተውበታል።

እውነቱን ሳናጎድል ለመናገር፤ ለብዙ ዘመን ሲጋራ ሲያጤስ የኖረ አዋቂ ሰው ሲጋራውን ፈጽሞ ትቶ ወደዚህ ዕቃ ቢዛወር፤ ከሚነደው ትምባሆ የሚመጣው መርዝ እንደሚቀንስለት ሐኪሞች ይመሰክራሉ። በእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች ሲጋራ መተው ላቃታቸው አዋቂዎች ይህንኑ ይመክራሉ። ዳሩ ግን ሲጋራን ቀምሶ ለማያውቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህ ምክንያት አይሠራለትም፤ እርሱ ከባሰው ወደ ተሻለው የሚሄድ ሳይሆን፤ ከጤና ወደ ሱስ የሚሄድ ነውና። የሰው አንጎል እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ድረስ በማደግ ላይ ስለ ሆነ፤ ኒኮቲን በዚያ ዕድሜ ሲገባ ልብን ሰብስቦ የመማርን፤ ራስን የመግዛትንና የማስታወስን ኃይል ይጎዳል። ይህ ጉዳት የመጀመሪያ ቤቱ ተማሪ ቤት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ልጆች ስለምን ከሲጋራ ይልቅ በዚህ ዕቃ ተያዙ ቢባል፤ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ጣዕሙ ነው፤ በማንጎ፤ በናናና በልዩ ልዩ ፍራፍሬ ጣዕም ተዘጋጅቶ ይቀርባል። ሁለተኛው መልኩ ነው፤ አንዳንዱ ለኮምፒዩተር የምንጠቀምበትን ፍላሽ ይመስላል፤ በእጅ መዳፍ ውስጥ ይሰወራል፤ ሽታውም ቶሎ ይጠፋል። ሦስተኛውና የከፋው ግን የኒኮቲኑ አሠራር ነው። በቀድሞው ዘመን ሲጋራን የቀመሰ ልጅ ጉሮሮው ይቃጠልና ያስለው ስለ ነበር፤ የገዛ ሰውነቱ ይከለክለው ነበር። አዲሶቹ ዕቃዎች ግን ኒኮቲኑን ከአሲድ ጋራ በማዋሐድ ምሬቱን ስለሚያለዝቡት፤ ልጁ ሳያስለው ብዙ ኒኮቲን ይስባል። ስለዚህ ተፈጥሮ በልጅ ጉሮሮ ላይ ያቆመችው ዘበኛ ተነሥቶ በሩ ክፍት ሁኖ ቀረ ማለት ነው።

ይህ ነገር በተማሪ ቤቶች ላይ ያደረሰው ችግር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ አገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ጁል የተባለው ዕቃ በዚያ አገር ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው ራሱ እንደ ገለጸው በአንዲቱ ትንሽ ቋት ውስጥ ያለው ኒኮቲን የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያደርገው ጥያቄ እንደ ታወቀው፤ ባለፉት ሠላሳ ቀኖች ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ አጢሰናል ያሉት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በ2017 ከመቶ 11.7 እጅ ነበሩ፤ በ2018 ከመቶ 20.8 እጅ ሆኑ፤ በ2019 ከመቶ 27.5 እጅ ደረሱ። ይህ ማለት ከአራቱ ተማሪዎች አንዱ፤ ከዚያም የሚበልጥ ነው። በታኅሣሥ ወር 2018 የአገሪቱ ዋና የጤና አማካሪ ሐኪም ዶክተር ጀሮም አዳምስ ነገሩ በወጣቶች ላይ የወረደ ወረርሽኝ ነው ብለው አስታወቁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሻጩ ራሱ እንደ አስተማሪ ሁኖ ወደ ተማሪ ቤት መግባቱ ነው። በሐምሌ ወር 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት የቀረቡ ሁለት ተማሪዎች እንደ መሰከሩት፤ በ2017 የኩባንያው መልእክተኛ ስለ ሱስ ሊያስተምር ወደ ተማሪ ቤታቸው መጣ፤ መምህራን ከክፍሉ ከወጡ በኋላም ዕቃው ምንም ጉዳት የሌለው ነው ብሎ ነገራቸው። በዚያው ምርመራ ኩባንያው በባልቲሞር ከተማ ለሚገኝ አንድ የተማሪ ቤቶች ድርጅት ለበጋ ትምህርት የሚሆን 134,000 ዶላር መስጠቱ ተገልጿል። ኩባንያው በኋላ ይህን ሥራ ቢተወውም፤ ነገሩ ለተማሪ ቤት ዲሬክተሮች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። የበግ ጠባቂነትን ለተኩላ የሚሰጥ እረኛ የለም፤ ስለ ሱስ የሚሰጠውን ትምህርትም የሱሱ ነጋዴ ሊሰጠው አይገባም።

መምህራኑ ባልጠበቁት ነገር ስለ ተያዙ ብዙ ዓይነት መከላከያ ሞከሩ። አንዳንዱ በመጸዳጃ ቤት ጣሪያ ላይ ጉሙን የሚያውቅ መሣሪያ ሰቀለ፤ አንዳንዱ መጸዳጃ ቤቶቹን በትምህርት ሰዓት ቆለፈ፤ በአላባማ ክፍለ ግዛት ያለ አንድ ተማሪ ቤት የመጸዳጃ ክፍሎቹን መዝጊያ እስከ መንቀል ደረሰ። በነብራስካ ክፍለ ግዛት የምትገኘው የፌርበሪ ከተማ ደግሞ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ በስፖርትና በሌላ የኅብረት ሥራ የሚካፈሉትን ተማሪዎች በዕጣ እየለየች ኒኮቲን እንዲመረመሩ አደረገች። የተያዘውን ተማሪ ለብዙ ቀን ከትምህርት ማገድ ግን በብዙ ቦታ የተለመደው ቅጣት ሆነ።

ይህ ሁሉ የተደረገው ለልጆቹ በማሰብ መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን የሱስን ጠባይ የሚያውቅ ሰው የዚህ አሠራር ጉድለት ወዲያው ይታየዋል። ኒኮቲን የለመደ ልጅ ጥቂት ሰዓት በተለየው ጊዜ ይቆጣል፤ ይጨነቃል፤ ልቡ ከትምህርቱ ይሸሻል። ከክፍል ወጥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄደውም ሕግን ስለ ናቀ ብቻ ሳይሆን፤ ሱሱ ስለሚጎትተው ነው። መጸዳጃ ቤት ቢቆለፍበት ሌላ ሥርቻ ይፈልጋል፤ በማቆለፉ የሚጎዱት ምንም ያላጠፉት ተማሪዎች ናቸው። ለአሥር ቀን ከትምህርት ቢታገድ ደግሞ አባትና እናቱ ወደ ሥራ በሄዱበት ቤት ብቻውን ከዕቃው ጋራ ይውላል፤ ያመለጠው ትምህርት ሲከማችበት ተስፋ ይቆርጣል፤ ተስፋ የቆረጠውን ልጅ ደግሞ በደስታ የሚቀበለው ሻጩ ነው። መምህሩ ያባረረውን ነጋዴው ይሰበስበዋል። ጓደኞቹም ይህን አይተው ሱሳቸውን አጥብቀው ይሸሽጋሉ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለው፤ ሊድን ይችል የነበረው ሁሉ በስውር ይሰነብታል።

ታዲያ የሚጠቅመው ምንድን ነው ቢባል፤ በማስረጃ የተደገፈ መልስ አለ። በአሜሪካ አገር ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚያጤሱና ለመተው የሚፈልጉ 1,500 ያህል ልጆች በሁለት ከፍለው ጥናት አደረጉ። ለአንደኛው ክፍል በየጊዜው በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚያበረታታና የሚመክር አጭር መልእክት ተላከለት፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ይህን ምክር አላገኘም። በ2024 ዓ.ም. እንደ ታተመው፤ ከሰባት ወር በኋላ ምክር ካገኙት ከመቶ 37.8 እጅ፤ ካላገኙት ደግሞ ከመቶ 28 እጅ ሱሱን ትተው ተገኙ። እንግዲህ በአጭር ቃል የተላከ ምክር ይህን ያህል ከረዳ፤ ልጁን በስሙ የሚያውቀው መምህር በየሳምንቱ ጠርቶ ቢያነጋግረው እንዴት አይረዳውም? አንዳንድ የአሜሪካ ተማሪ ቤቶችም ይህን ተረድተው፤ የተያዘውን ተማሪ በማገድ ፈንታ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስለ ሱስ እንዲማርና ከአማካሪ ጋራ እንዲነጋገር ማድረግ ጀምረዋል።

በዚያ አገር የሚያጤሱት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በ2024 ወደ ከመቶ 7.8 እጅ ወርዷል። ይህ መቀነስ በአንድ ምክንያት ብቻ የመጣ አይደለም። በታኅሣሥ ወር 2019 ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳይሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ በ2020 ልጆችን የሚስቡት ጣዕሞች በከፊል ከገበያ እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚያው ዘመን በኮሮና ምክንያት ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የጁል ኩባንያም ዕቃውን ለወጣቶች አስተዋውቀሃል ተብሎ ስለ ተከሰሰ በ2022 ከሠላሳ በላይ ለሆኑ ክፍለ ግዛቶች 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብዙ የተማሪ ቤት አስተዳደሮች የሚገኙባቸውን ከ5,000 የሚበልጡ ክሶች በስምምነት ዘጋ። ከዚህ የምንማረው፤ የሕጉ ክንድ በሻጩ ላይ ሲበረታ የመምህሩ ሥራ እንደሚቀል ነው።

ሌላም መጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ፤ ይኸውም ለልጆች የሚነገረው ቃል እውነት ይሆን ዘንድ ነው። በ2019 በአሜሪካ በዚህ ዕቃ ምክንያት ብርቱ የሳንባ በሽታ ተነሥቶ እስከ የካቲት ወር 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሐኪም ቤት ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ የሞቱት 68 ነበሩ። ዳሩ ግን ምርመራው እንዳሳየው የበሽታው ዋና ምክንያት በሐሺሽ ዘይት ውስጥ ተደባልቆ የተገኘ የቪታሚን ኢ ውሁድ እንጂ ኒኮቲኑ አልነበረም። መምህሩ ይህን ሳይለይ፤ አንድ ጊዜ የሳበ ሁሉ ይሞታል ብሎ ቢያስፈራራ፤ ልጁ ጓደኛው ስቦ በሕይወት መኖሩን ባየ ጊዜ፤ ቀሪውንም እውነተኛ ምክር አያምንም። ለልጅ የሚበቃው እውነቱ ነው፤ እውነቱም ብቻውን የሚያስፈራ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ትምባሆን በቅጣት ብቻ ለማጥፋት መሞከር ለኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመነ መንግሥት ሱረት በሚወስደው ላይ አፍንጫ፤ በሚያጤሰው ላይ ከንፈር እስከ መቁረጥ የደረሰ ቅጣት እንደ ነበረ በታሪክ ይነገራል። ያን ያህል የከበደው ቅጣት እንኳ ትምባሆን ከአገሩ ጨርሶ ሊያጠፋው አልቻለም። ዛሬ ግን የተሻለ መንገድ አለን። ኢትዮጵያ ትምባሆን ለመቆጣጠር የተደረገውን የዓለም ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ዕድሜው ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሎ፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ከገበያ ውጭ አድርጓል። ብዙ አገሮች ሕግ ያወጡት ልጆቻቸው ከተያዙ በኋላ ነው፤ የኛ ዐዋጅ ግን ቀድሞ ደርሷል።

ነገር ግን ዐዋጅ በወረቀት መጻፉ ብቻ ዕቃውን ከልጅ ኪስ አያወጣውም። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ከጣት አይበልጥም፤ በመንገደኛ ሻንጣ ይገባል፤ በስልክ ታዝዞ በስውር ይሸጣል። ደግሞም በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም የሚማሩት ከላይ ባተትነው ችግር ውስጥ ባለፉት ተማሪ ቤቶች ነው። ሲጋራን በሽታው የሚያውቅ አባት በልጁ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ዕቃ ፍላሽ ናት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። ስለዚህ እዚህም እዚያም ላለው ወላጅ የመጀመሪያው ነገር ዕቃውን ማወቅ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ እያለ፤ የተማሪ ቤት ኃላፊዎች የሚከተለውን ሥርዓት ቢያቆሙ መልካም ነው እንላለን።

አንደኛ፤ ደንቡ አስቀድሞ ተጽፎ ለተማሪውም ለወላጁም ይነገር። ያልተነገረ ደንብ ቅጣት እንጂ ትምህርት አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ዕቃው በተገኘ ጊዜ ሁሉ ያለ አድልዎ ይወሰድ፤ የባለሥልጣን ልጅና የድኻ ልጅ በአንድ ዓይን ይታዩ። ልጅን ከክፉ የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አለመቅረቱ ነውና።

ሦስተኛ፤ መጀመሪያ የተገኘበት ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሳይዋረድ ለብቻው ይጠራ፤ ወላጁም ይጠራ፤ ከማን እንዳገኘው፤ ስንት ጊዜ እንደሚያጤስ፤ መተው ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ቢደግም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምክርና ሥራ ይሰጠው፤ ሱሱ ከጠናበትም ወደ ሐኪም ይላክ እንጂ ከትምህርቱ አይነቀል።

አራተኛ፤ ለሌሎች ተማሪዎች የሚሸጠው ከሚያጤሰው ይለይ። ነጋዴ የሆነው ተማሪ ብርቱ ተግሣጽና ቅጣት ይገባዋል፤ ከጀርባው ያለው አዋቂ ግን በተማሪ ቤት ሳይሆን በሕግ ፊት ይጠየቅ። ዲሬክተሩ የሻጩን ነገር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና ለፖሊስ ሳያስታውቅ ልጁን ብቻ ቀጥቶ ቢቀመጥ፤ ቅጠሉን ቆርጦ ሥሩን እንዳጠጣ ይቆጠራል።

አምስተኛ፤ በራሱ ፈቃድ መጥቶ ተይዣለሁና እርዱኝ ያለ ተማሪ ከቶ አይቀጣ። ስለ እውነት የተቀጣ ልጅ ሁለተኛ እውነት አይናገርም።

ስድስተኛ፤ መምህሩ ራሱ ምሳሌ ይሁን። በተማሪ ቤቱ ደጅ ቆሞ የሚያጤስ መምህር ከሚናገረው ምክር ይልቅ የሚያጤሰው ይሰማል።

ካህናት አባቶችም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ አላቸው። ለአባቱና ለመምህሩ የማይናገረውን ነገር ለንስሐ አባቱ የሚገልጽ ልጅ ብዙ ነው። የንስሐ አባት ሥራ ደግሞ የወደቀውን ማንሣት እንጂ ከደጅ ማባረር እንዳልሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። የነፍስ አባቱ ልጁን መክሮ፤ በፈቃዱ ለወላጁ ወይም ለሐኪም እንዲናገር ቢያደፋፍረው፤ ብዙ ዘበኛ ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ይሠራል።

ትዕግሥት ለሌሎች ተማሪዎች ድፍረት ይሰጣል፤ አንዱ ካልተባረረ አሥር ይከተሉታል የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ። አሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን ትዕግሥት ማለት ዝም ማለት አይደለም። ዕቃው በየጊዜው የሚወሰድበት፤ ወላጁ የሚጠራበት፤ የዕረፍት ሰዓቱን በምክርና በሥራ የሚያሳልፍ ልጅ ነፃ የተለቀቀ አይደለም። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተማሪ ቤት አጥር ውጭ አልተጣለም። ሳሩን እንጂ ገደሉን እንዳላየው በሬ፤ ልጅም ጣዕሙን እንጂ ሱሱን አያይም። ገደሉን ያየው አዋቂ ነውና፤ ኃላፊነቱም የአዋቂ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገበያውን በር ዘግቶልናል። የተማሪ ቤቱን በር ግን በገዛ ልጃችን ላይ እንዳንዘጋው እንጠንቀቅ።